ፊልሙን በመስታወት፣ ወሬውን በጆሮ

ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ፀጉሬን የምቆረጥበት ቤት አለ። ሦስት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ያለው ከተቆራጩ ጀርባ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊልሙን የሚያየው በመስታወት ነው። በቀኝ እጅ የተያዘ ሽጉጥ ወደ ግራ ይዞራል። ከታች የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተገልብጦ ስለሚታይ ማንበብ አይታሰብም። ዞር ብለህ እንዳታይ ማሽኑ ጆሮህ ሥር ነው።

ያም ሆኖ ማንም ምንም አያመልጠውም። ፊልሙ ትርጉም ነዋ። አንድ ሰውዬ ከላይ ሆኖ በአማርኛ ያወራል። አክተሩም እሱ ነው፣ ገዳዩም እሱ ነው፣ የአክተሩ ሚስትም እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ሲመጣ ድምፁን ቀጠን ያደርጋል። እሱም ደስ ካለው ነው።

ባለፈው ስሄድ የነበረው የኮሪያ ፊልም ነው። መርማሪው የአንድ ባንክ ኃላፊ ቢሮ ገብቷል። ተርጓሚው በትሕትና ጀመረ። «ይቅርታ፣ ጊዜዎን ልሻማ ነው። ትናንት ማታ የት ነበሩ?» ሰውዬው ቤቴ ነበርኩ አለ። መርማሪው ከኪሱ ፎቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አሁንስ? አሁንም ቤትህ ነበርክ?»

ፀጉር ቆራጬ ማሽኑን ከራሴ ላይ አነሳ። ጥግ ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ «በለው!» አሉ። ማንም አልተተኮሰበት፣ ማንም አልሞተ። የሆነው ነገር ቢኖር «እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረደ። ለቤቱ ሁሉ ሰውዬው ያለቀለት እዚያች ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ቤትህ» ናት። እስቲ አስቡት። እንግሊዝኛው ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ዩ»። ለባንክ ኃላፊም፣ ለሌባም፣ ለእናትም፣ ለውሻም ያው ነው። አማርኛ ግን እንዲህ አያሳልፍህም። አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሰውየውን መመዘን አለብህ። አንተ ነው? አንቺ ናት? እርስዎ ናቸው? ተርጓሚው ይህን በየዓረፍተ ነገሩ መወሰን አለበት፣ ያውም ፊልሙ ሳይቆምለት። ሲወስን ደግሞ እንግሊዝኛው ውስጥ የሌለ ድራማ ይፈጥራል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሚስትየው በሹፈት «እርስዎ» ስትለው መፋታታቸውን ከጠበቃው በፊት እናውቃለን።

ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው ፊልሙ የኮሪያ ሲሆን ነው። ኮሪያኛም እንደኛው ነው። አነጋገሩ በዕድሜና በማዕረግ ይለያያል፣ ታላቅህን እንደ ታናሽህ አታናግረውም። ያ ሁሉ ወግ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ይጠፋል። የኛ ተርጓሚዎች ደግሞ ባብዛኛው የሚነሡት ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሴኡል ላይ የነበረው «አንቱታ» መንገድ ላይ ጠፍቶ ሐዋሳ ፀጉር ቤት ውስጥ ተመልሶ ይገኛል። የመለሰው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም።

ትርጉም ፊልም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር፤ ያላየ ካለ። እ.ኤ.አ. በ2016፣ በኛ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌላ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ይዞ ሲመጣ አገር ምድሩ ስለ እሱ አወራ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «እንጀራችን» ብለው ተቃወሙ። ጋዜጣው ጻፈ፣ ሬዲዮው ተከራከረ። እሱ ግን ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ዋናው ድምፅ ይወጣና በምትኩ የብዙ ሰው ድምፅ ይገባል። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፅ ይመደባል፣ ከከንፈር ጋር እንዲሄድ ይለፋበታል። ስቱዲዮ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል።

እኔ የምለው የድሀውን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተር። ዋናው ድምፅ ዝቅ ብሎ ከሥር ይቀጥላል። ኮሪያዊው ሲጮህ ትሰማዋለህ፤ ከላይ የኛ ሰው ለምን እንደሚጮህ ይነግርሃል። ተዋናይ አይደለም፣ አስተርጓሚ ብቻም አይደለም። አብሮህ ቁጭ ብሎ የሚያይ፣ ካንተ ትንሽ ቀድሞ ያየ ጓደኛ ነው። «ይሄኛውን ልብ በሉት፣ በኋላ ይመጣል» ይልሃል። ሽማግሌው የቻይና ንጉሥ ሲገባ «ጃንሆይ» ይለዋል። የጦር አዛዡን አንድ ጊዜ «ፊታውራሪ» ሲለው ሰምቻለሁ። ሳቅኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚያዝ ለመረዳት አልተቸገርኩም።

ዋሴ ሪከርድስን የመሳሰሉ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ አሉ። የብዙዎቹን ግን ድምፃቸውን እንጂ ስማቸውን አናውቅም። ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ እስከ ጫት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ ወረፋ እስከ ምግብ ቤት ይሰማሉ። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ሲወራ ግን ስማቸውን የሚያነሳ የለም። ፊልም ሠሪው እንደ ሌባ ያያቸዋል። ተማርኩ ባዩ «እኔ በኦሪጅናሉ ነው የማየው» ይላል። ትርጉሙን ግን በየቦታው ያያል። እኔም እንደዚያ የምልበት ዘመን ነበረኝ፤ ይቅር ይበለኝ።

እንደ አድናቂ የራሴን ልናገር፤ የማይስማማ ይስደበኝ። ለትርጉም እንደ ካራቴ ፊልም የሚሆን የለም። ወሬው ትንሽ ስለሆነ ተርጓሚው ድብድቡን እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል፤ ያምርበታል። ከሁሉም የማስበልጠው ግን የፍርድ ቤት ፊልም ነው። ሙግት ላይ አማርኛን የሚያህል የለም። ያ ቀዝቃዛ የአሜሪካ ችሎት ድንገት «በላ ልበልሃ» ይሸታል። የፍቅር ፊልም በአንድ ወንድ ድምፅ ሲሆን ሊያስቅ ይችላል፤ ወፍራም ድምፅ «የኔ ውድ፣ አትሂድብኝ» ሲል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ትለምደዋለህ፣ ታለቅሳለህም። የማይሆነው የሚያስፈራ ፊልም ነው። እሱ የሚያስፈራው በዝምታው ነው፤ ተርጓሚ ደግሞ ዝምታ አይችልም። በሩ ሲንሲጠጥ «ወይኔ፣ እንዳትከፍቺው!» ይላል። አለቀ። ኮሜዲም አይሆንም፤ ከኛ ቀድሞ ይስቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ያለን እኛ ብቻ አይደለንም። ኡጋንዳ ውስጥ «ቪጄ» ይሏቸዋል፤ ቪዲዮ ጆከር ለማለት ነው። የጀመሩት ካምፓላ ውስጥ፣ እኛ ቪዲዮ ቤት በምንለው ዓይነት ጠባብ አዳራሽ ነው። ኬንያ ውስጥ ዲጄ አፍሮ የሚባል አለ፤ የድብድብ ፊልም በስዋሂሊ ያወራል፣ ስሙ ከፊልሙ አክተር ይበልጣል።

ከኡጋንዳው ሁሌ የማልረሳው ታሪክ አለ። ካምፓላ ዳር ዋካሊጋ የሚባል የድሆች ሠፈር ውስጥ አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው በጓሮው የድብድብ ፊልም ይሠራል። ሠፈሩን ከሆሊውድ ጋር አዳቅለው ዋካሊውድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘው ፊልሙ በኢንተርኔት ዓለምን ዞረ። ጠመንጃው የብረት ቁርጥራጭ፣ ሄሊኮፕተሩ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ፊልሙ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቪጄ ኤሚ የሚባል ሰው ያወራበታል፣ ይቀልድበታል፣ ተዋናዮቹን ይሳደባል። ናብዋና ኮምፒውተሩ ቦታ ሲያጣ ዋናውን ሥራ አጠፋው፤ ለቀጣዩ ፊልም ቦታ ለማግኘት። ለዓለም የደረሰው የኤሚ ድምፅ ያለበት ቅጂ ነው። አጃቢው ታጃቢውን አዳነው ማለት ነው።

ጃፓን ደግሞ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ነበሯት። ከመጋረጃው ጎን ቆመው ለተመልካቹ ያወሩ ነበር። ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ለተዋናዩ ሳይሆን ለቤንሺው የሆነበት ጊዜ ነበር። የታወቀው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ቤንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ሥራቸው ተወሰደ። ሄይጎ ያለበት የቤንሺዎች ቡድን አድማ መታ፣ አልተሳካም። በ1933 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ቤንሺዎቹ ግን አንድ ነገር ተርፏቸዋል። በዘመናቸው ወሬያቸው በሸክላ ይቀረጽ ነበር። ፊልሙ የለም፣ ምስል የለም፤ ድምፁ ብቻ በሸክላ ይሸጣል፣ ሰውም እየገዛ ቤቱ ያዳምጣል። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ ሙዚቃ ልዙር። ዝላይ ይመስላል፤ ነገሩ አንድ ነው።

እኛ አገር ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ «ክላሲካል» እንላለን። ፈረንጅ ሲሰማ ቤትሆቨን ይመስለዋል። ለኛ ግን ኦርጋንና አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን፣ ትዝታ በዝግታ። የምንሰማው መቼ ነው? ሌሊት አሥራ አንዱ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ እስኪሞላ። ሠርግ ላይ፣ ሰው ምግብ አንስቶ ወንበር እስኪይዝ። ሬዲዮ ላይ፣ ከዜናው በፊት የተረፈችውን ሁለት ደቂቃ ለመሙላት። ሆቴል ውስጥ ሐይቁ ዳር ቡና ስትጠጣ። ለክላሲካል ብሎ ቁጭ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ሰው ግን ዜማውን በአፍንጫው ያውቀዋል።

ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ ከበሮውን የሚመታ ማሽን። ስሙ «ሸሞንሟናዬ»። ካሴቱ አገር ቤት መጥቶ እንደ ማንኛውም ክላሲካል ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ካሴቱን አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ አስፈቀደና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በስተርጅና የአውሮፓና የአሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 አዲስ አልበም ሠራ። ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «አየህ፣ የኛን ነገር ፈረንጅ ካልነገረን አናውቀውም» ይላል። እውነት ነው፤ ያው የተለመደ ወሬ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ወገን ነው። ካሴቱ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነበረ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልፈለገውም፤ ማንም ግን አልጣለውም። አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መረሳቱ ነው ያቆየው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሐዋሳ ውስጥ ፊልም ማስጫኛ ቤቶች ነበሩ፤ አሁንም ጥቂት አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ ከቆርቆሮ ሳጥን የማይበልጥ ሱቅ፣ በር ላይ «ሙዚቃ፣ ፊልም፣ መዝሙር፣ ነሺዳ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ። ፍላሽህን ወይም ሜሞሪህን ይዘህ ትሄዳለህ። «ብሮ፣ አክሽን ነው ድራማ?» ይልሃል። «ትርጉም ነው ኦሪጅናል?» ይልሃል። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ይጠይቅሃል። «ቦታ የለውም፣ ምኑን ልደልተው?»

ልብ በሉ። አዲሱን ለመጫን አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው። ካሴት ሲረሳ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የፍላሽ ፊልም ሲረሳ ይደለታል። ካሴት ሻጩ የማይሸጥ ዕቃ ካለው ቢበዛ ወደ ጓሮ ያዞረዋል። ጫኙ ልጅ ግን ሰው የማይጠይቀውን ፊልም ኮምፒውተሩ ላይ የሚያቆይበት ምክንያት የለውም፣ ሀርድ ዲስክ ውድ ነው። ድሮ ቸል መባል ማቆያ ነበር። አሁን ቸል የተባለ ነገር በዚያው ሳምንት ይሞታል።

የዛሬው ችግር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። «ወጣቱ ባህሉን ረሳ» የሚለው ዘፈን ሰልችቶኛል። መርሳት አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችንም ክላሲካሉን ረስተውታል። የተለወጠው መርሳት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ኡጋንዳዊው የገዛ ሥራውን ያጠፋው ጠልቶት አይደለም። ቦታ አጥቶ ነው።

«ቴሌግራም አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ እዚያ ይቀመጣል» የሚል ይኖራል። ትርጉም ፊልም ላይ ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ምስሉ የሰው ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው አንድን ሥራ መተርጎም የባለቤቱ መብት ነው፤ ሳያስፈቅዱ መተርጎም አይቻልም። የኛ ተርጓሚ ደግሞ ሴኡል ደውሎ አላስፈቀደም። ስለዚህ የፊልሙ ባለቤት አንድ ቀን ያመለክታል፣ ቻናሉ ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ሥራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። እኔ ራሴ እከታተለው የነበረ አንድ ቻናል ማታ ነበረ፣ ጠዋት የለም።

ባለመብቱ ተሳሳተ ልል አልችልም። ገንዘቡን አፍስሶ የሠራው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ያው አዋጅ ትርጉምን ራሱንም እንደ ሥራ ይቆጥረዋል፤ የዋናው ባለቤት መብት እንደተጠበቀ ሆኖ። ማለትም እዚያ ፊልም ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ምስሉና ወሬው። ምስሉ ዓለም ላይ ሞልቷል፣ አይጠፋም፣ የሚጠብቀው ኩባንያ አለው። «አሁንም ቤትህ ነበርክ?» የምትለዋ ግን ያለችው እዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ቻናሉ ሲዘጋ የሚጠፋው የማይጠፋው ምስል ሳይሆን የሚጠፋው ድምፅ ነው።

የጃፓኖቹን ሸክላ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተርጓሚው ሲቀርጽ ድምፁ መጀመሪያውኑ ለብቻው ፋይል ነው፤ ከምስሉ ጋር የሚጣበቀው በኋላ ነው። ያንን ፋይል አለማጥፋት ነው። ከፊልም አንጻር ኢምንት ቦታ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው መጽሐፍ ሲያሳትም ቅጂውን ወመዘክር እንደሚያስገባ ሁሉ፣ አንድ ቀን ድምፁም የሚገባበት ቦታ ቢኖር ምን አለበት? የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪስ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያገኛል? የ«አንቱታ»ና የ«አንተታ»ን ሥራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከነዚህ ወሬዎች የሚሻል የት አለ?

የባጃጁንም ሳልነካ አልልፍም። ሐዋሳ ባጃጅ ላይ ተሳፍሮ ከፊቱ ያለውን ጥቅስ ያላነበበ የለም። «ከተዋደድን ለሦስት ሰው ወንበር አራት እንበቃለን» ትላለች አንዷ። አራተኛው ሲገባ ጉልበትህ ምን እንደሚሆን ግን አትነግርህም። ይህም አጃቢ ነው፤ ማንም ለጥቅሱ ብሎ ባጃጅ አይሳፈርም። ስቲከሩ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፣ ባጃጁ ሲሸጥ ይላጣል። የታክሲ ጥቅስ እየሰበሰቡ የጻፉ ሰዎች አሉና ቢያንስ ይሄኛው ዕድለኛ ነው። አንዳንዱ ጥቅስ ደግሞ ቢላጥ አይጎዳም።

ሦስቱም አንድ ናቸው የምለው በዚህ ነው። ተርጓሚው ፊልም ያጅባል፣ ክላሲካሉ ቡና ያጅባል፣ ጥቅሱ መንገድ ያጅባል። እኛ ሁልጊዜ የምናየው ታጃቢውን ነው። ዘፋኙን እናውቃለን፣ ኦርጋኑን የነካውን አናውቅም። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ያላየ የለም፣ ሚዜው ምን ለብሶ እንደነበር የሚያስታውስ እናቱ ብቻ ናት።

ያቺን የኮሪያ ፊልም ፀጉር ቤት ሆኜ አልጨረስኳትም። ፀጉሬ አለቀ፣ ተራ ጠባቂው ጋሼ ወንበሩ ላይ ወጡ፣ እኔም ሥራ ነበረኝ። በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ፊልም ነበር። ቆራጬን ጠየቅኩት። «የትኛዋ? ኧረ እሷ ድሮ ወጥታለች» አለኝ። ድሮ ማለቱ ሳምንት ነው። ፍላሹን ከሞላለት ልጅ ጋር አገናኘኝ።

ልጁን ሱቁ ሄጄ አገኘሁት። መርማሪ፣ ባንክ፣ ፎቶ እያልኩ ነገርኩት። ወዲያው ገባው። ጎበዝ ነው፤ በሦስት ቃል ፊልም ያገኛሉ እነዚህ ልጆች። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ከፈተልኝ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። መርማሪው ገባ። ሰውዬው ተነሥቶ ሰላም አለው። በኮሪያኛ አወሩ፤ ከታች እንግሊዝኛው ያልፋል፣ አሁን ሳይገለበጥ።

«ትርጉሙስ?» አልኩት።

«እሱን ደልቼዋለሁ፣ ጥራቱ የወረደ ነበር። ይሄ ፉል ኤችዲ ነው፣ ብሮ።»

«እኔ ግን የፈለግኩት ድምፁን ነው።»

ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ አንድ ተማሪም አየኝ።

«ድምፁን?» አለ ልጁ። «ድምፁን ምን ያደርግልሃል?»